የ1970 ሼቬል ኤስኤስ 454 ከ6 አመት በኋላ ተነሳች!! (ረጅም ነው ታገሱኝ)

ሰማያዊው70 ፦

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ለ4 አመት አንባቢ ብቻ ነበርኩ ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም። ቅዳሜ ማታ የአጎቴ ሼቬል በራሷ ጉልበት ከጋራዥ ወጥታ ሰፈሩን ዞራ ተመለሰች። 6 አመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዳችን እዛች ጋራዥ ውስጥ ነው ያለቀው፣ ስንጀምር ላጤ ነበርኩ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

ለማያውቃት፣ የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስኤስ 454 ናት (ኤስኤስ ሱፐር ስፖርት ማለት ነው)። ሁለት በር፣ ፋዘም ብሉ ሚሉት ጥልቅ ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ላይ ሁለት ሰፋፊ ነጭ መስመር። 454 የሞተሩ ስፋት በኩቢክ ኢንች ነው፣ ወደ ሊትር ሲመታ 7.4 ይመጣል። አዲስ አበባ ላላችሁት የሰባት ቪትዝ ሞተር አንድ ኮፈን ስር እንደማለት ነው።

ጋሼ (አጎቴን እንደዛ ነው ምጠራቸው) መኪና የተማሩት አዲስ አበባ ነው፣ በልጅነታቸው ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ከማቀበል ጀምረው። ሜሪላንድ ከመጡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ከቁልፍ አልተለዩም። ጡረታ የወጡ ሰሞን ሰው ሁሉ አሁንማ ያርፋሉ ሲል እሳቸው ፍሬድሪክ አካባቢ አንድ የእርሻ መጋዘን ውስጥ ሸራ ተሸፍና ጎማዋ ተንፍሶ የተኛች መኪና አገኘሁ ብለው ደወሉልኝ።

የመጀመሪያ ቀን ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ከኪሳቸው ማግኔት አወጡ፣ ቀለም እንዳይጭር በመሀረብ ጠቀለሉትና አካሏን መዳበስ ጀመሩ። በሩ ላይ ማግኔቱ ጥብቅ፣ ፓራፋንጎው ላይ ጥብቅ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ሲደርስ ግን ለቀቀና መሬት ወደቀ። "ስቱኮ ነው፣ ከስሩ ላሜራ የለም" አሉ። ትራንኩን ስንከፍት ወለሉን ዝገት በልቶት መሬቱ ይታያል። እኔ በቃ ይቅርብን አልኩ። እሳቸው ከስሯ ገብተው ሻሲዋን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ አዳመጡ አዳመጡና ወጥተው "አጥንቷ ደህና ነው፣ ስጋው ይሰራል" አሉ። በዚችው ተገዛች።

ስራውን ሁሉ ልዘርዝር ብል አይዘለቅም። አካሏን ከሻሲው አንስተን ለየን፣ ሻሲው በአሸዋ ተነፍቶ ነጭ ብረት እስኪሆን ጸዳ፣ የትራንኩ ወለልና የኋላ ጎኖቿ ተቆርጠው በአዲስ ላሜራ ተተኩ (ለዚች መኪና እስካሁን አዲስ ላሜራ ተሰርቶ ይሸጣል፣ ይሄ ትልቅ እድል ነው)። ብየዳውን ሁሉ የሰሩት ጋሼ ናቸው። እኔን የገረመኝ ግን የበሩ ክፍተት ነው። በሩና ፓራፋንጎው መሀል ያለችው ቀጭን መስመር ከላይ እስከታች እኩል ካልሆነች ቀለም አይነካም አሉ፣ ስስ ብረት ከማጠፊያው ስር ይጨምራሉ ያወጣሉ ይዘጋሉ ይከፍታሉ፣ ለሁለት በር ሶስት ወር ሄደ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ከጎን ቆሜ ሳያት ያ መስመር ነው መጀመሪያ አይኔን ሚይዘው።

ሞተሩ ብዙ አስለቀሰን። ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ሲሊንደሮቹን በማሽን ለማስፋት የሰጠነው ቤት (ስሙን አልጠራም) 14 ወር አስቀምጦ ሳይነካው መለሰልን። ሌላ ሽማግሌ ጋ ወሰድነው፣ በ5 ሳምንት ጨርሶ ሰጠን፣ ቴስታታዎቹ (የሞተሩ የላይ ክዳኖች) ላይም ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ገጠመልን፣ ምክንያቱም የድሮው ቤንዚን እርሳስ ነበረው ቫልቩንም እሱ ነበር ሚጠብቀው፣ ዛሬ እርሳስ የለም።

ከዛ የቅዳሜዋ ቀን። አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን ሚከፍተው ዘንግ) ያለው እንዲህ አይነት ሞተር ሲነሳ ዝም ብሎ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) አይተውም፣ ወዲያው ከ2,000 ዙር በላይ ይዘህ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት አለብህ ካምሻፍቱና ታፔቱ እንዲለማመዱ፣ ዘይቱም ዚንክ በዛ ያለበት መሆን አለበት፣ ያን ካላደረግክ የ6 አመት ድካም በ20 ደቂቃ ይበላል። ጋሼ ጋዙን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፣ እኔ ውሀውንና የዘይት ግፊቱን አያለሁ፣ ማናችንም አናወራም። 20 ደቂቃው ሲሞላ ቀስ ብለው ለቀቁት። ሚኒሞ ላይ ገባች። ያ ድምጽ ደረት ውስጥ ነው ሚሰማው። ጋሼ በጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ እኔም አላየሁም አልኩ።

ፎቶዎቹን ከስር አድርጌአለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እመልሳለሁ።

ማርሽ4 ፦

ወንድሜ እኔ እዚህ ስራ ቦታ ሆኜ እያነበብኩ አይኔ ውሀ አቀረረ። ያ ሰማያዊ በዛ ነጭ መስመር!!! ከፊት ያለው ሁለት ሁለት ክብ መብራት፣ መሀል ጥቁሩ ግሪል ላይ ኤስኤስ የሚለው። ከ68 እስከ 72 ካሉት ሁሉ የ70ዋ ፊት ለኔ አቻ የላትም። ለጋሼ እጃቸው ይባረክ በልልኝ።

ቱርቦ_አትላንታ ፦

በጣም ታምራለች። ኤልኤስ6 ሚሉት ሀይለኛው 454 ናት? 450 ፈረስ? ከሆነች እኮ ሀብት ነው ያላችሁ።

ሰማያዊው70 ፦

አይ፣ ዝቅ ያለው 454 ኤልኤስ5 ናት፣ ባለ 360 ፈረሱ። ኤልኤስ6 የተገጠመላቸው በ1970 የወጡት በጠቅላላ 4,475 ናቸው ይባላል፣ ዛሬ ገበያ ላይ ኤልኤስ6 ነኝ የሚሉትን ብትቆጥር ግን ከዛ ሊበልጡ ነው ሚመስለኝ። የሼቬል ችግር ይሄ ነው፣ በዛ አመት ኤስኤስ ማለት በአማራጭ የሚታዘዝ ፓኬጅ ስለነበር የቪን ቁጥሩ (የሻሲ ቁጥሩ) ላይ አይጻፍም፣ ቪኑ ማሊቡ ሚሏት የሼቬል አይነት ባለ ቪ8 (8 ሲሊንደር) መሆኗን ብቻ ነው ሚነግርህ። ስለዚህ ተራ ማሊቡ ገዝቶ ባጅ ለጥፎ መስመር ቀብቶ ኤስኤስ ናት ብሎ ሚሸጥ ሞልቷል።

እኛ እንዴት አወቅን? የቤንዚን ታንኩን ስናወርድ ከላዩ ላይ ተጣብቆ አንድ ወረቀት አገኘን። ፋብሪካው ውስጥ ሰራተኛው ምን ምን እንደሚገጥም ሚያነብበት የስራ ወረቀት ነው፣ አንዳንዴ ታንክ ላይ አንዳንዴ ወንበር ስር ትተውት ይሄዱ ነበር። ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ የተረፈው ግማሽ ላይ ግን 454ቱም ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮውም ይነበባል። ሞተሩ ላይ ያለው ማህተምም ከመኪናዋ ቁጥር ጋር ይገጥማል። ጋሼ ወረቀቱን ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል፣ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ ጎን።

ጋራዥ_ካዛንቺስ ፦

ልጄ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ 60ን ያለፍኩ ሰው ነኝ፣ እድሜዬን ሙሉ ከሞተር ጋር ነው የኖርኩት፣ አሁን አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ካርቡራተሩ የራሷ ነው ወይስ ቀየራችሁት? ኤልኤስ5 ከሆነች ሮቸስተር ኳድራጄት ነው ይዛ ምትወጣው።

ሰማያዊው70 ፦

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እድሜ ይስጥልን። አዎ የራሷ ኳድራጄት ነው። ሁሉም ሰው አውጥታችሁ ጣሉት ሆሊ ሚባለውን ካርቡራተር ግጠሙ ይለን ነበር፣ አጎቴ ግን እምቢ አሉ።

ጋራዥ_ካዛንቺስ ፦

ደግ አደረጉ! ያ ካርቡራተር ስሙን ያጠፉት ማያውቁት ሰዎች ናቸው። አራት ጉሮሮ አለው፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ትንንሽ የኋለኞቹ ሁለቱ ሰፋፊ። ቀስ ብለህ ስትነዳ በትንንሾቹ ብቻ ነው ሚተነፍሰው ስለዚህ ለዛ ትልቅ ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል፣ ስትረግጠው ደግሞ ኋላ ያሉት ይከፈቱና ድምጹ ይለወጣል። ደካማ ጎኑ ከስሩ ያሉት ትንንሽ መድፈኛዎች ናቸው፣ እያደሩ ያፈሳሉ፣ መኪናዋ ካደረች በኋላ ጠዋት አልነሳም ትላለች ወይም ጥቁር ጭስ ታወጣለች። እሱን በኢፖክሲ ከደፈንከው ሌላ ችግር የለበትም። አጎትህ ይሄን እንደሚያውቁ እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ አገር ያሉት ወጣት መካኒኮች ጎበዞች ናቸው፣ ኮምፒውተር ሰክተው በሽታውን ያነባሉ። ካርቡራተርና ፑንቲና (የድሮው መኪና እሳት ማስነሻ መገናኛ) ግን ሚነበብ ኮድ የላቸውም፣ በጆሮና በአፍንጫ ነው። እኛ ደግሞ ስንማር ከጆሮና ከአፍንጫ ሌላ ምንም አልነበረንም። ፑንቲና በአሸዋ ወረቀት ጠርገን፣ ካንዴላ አውጥተን ቀለሙን አይተን፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አነሰው ጥቁር ከሆነ በዛበት እያልን። ክፍል ካጣህ ሶማሌ ተራ ትሄዳለህ፣ እዛም ካጣህ ቶርኖ ቤት ታስቀርጻለህ። አንድ ቀን ስራ ቦታ የ60ዎቹ መኪና መጥቶ ልጆቹ ተሰብስበው ሲያዩት እኔ ተጠራሁ፣ ከዛ ቀን በኋላ አሮጌ መኪና በመጣ ቁጥር የኔ ነው።

ማርሽ4 ፦

ጋሼ እርሶ እየጻፉ ይዋሉ እኛ እናንብብ 🙏🏾

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። 360 ፈረስ ብለሀል፣ ቪ6 ካምሪ እንኳን 301 አለው እኮ። ታዲያ ይሄ ሁሉ 7.4 ሊትር የት ሄደ?

ጋራዥ_ካዛንቺስ ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ አሜሪካኖቹ ሞተሩን ሚለኩት ራቁቱን ነበር፣ ዳይናሞ የለ ማርሚታ የለ አየር ማጣሪያ የለ። ከ1972 ጀምሮ ነው ሙሉ ልብሱን ለብሶ መለካት የጀመረው። በዛ አመት ይሄው 454 ሼቬል ላይ 270 ፈረስ ተብሎ ወጣ። ግማሹ የአለካኩ ለውጥ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ከ1971 ጀምሮ ሞተሮቹ እርሳስ በሌለው ቤንዚን እንዲሰሩ ብሎ የጭመቃ መጠናቸውን ስለቀነሰው ነው። ስለዚህ ቁጥር ለቁጥር ከዛሬ መኪና ጋር አታወዳድረው።

ደግሞ ፈረሱን ሳይሆን ቶርኩን (የመጎተት ጉልበቱን) እየው። 500 ፓውንድ ፉት ነው፣ እሱም ከታች ነው ሚጀምረው፣ ካምሪው ጉልበቱን ለማግኘት ሞተሩ መጮህ አለበት፣ ይቺ ገና ስትተነፍስ ትጎትትሀለች። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ሰፈር ውስጥ መዞር ትችላለህ ደክሞኛል አትልም።

ስለድምጹም ልበል፣ ብዙ ሰው ለምን እንደዛ እንደሚያጉረመርም አያውቅም። ስምንቱ ሲሊንደሮች እሳት ሚያነሱበት ቅደም ተከተል 1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2 ነው። ጎዶሎዎቹ በግራ ሙሉዎቹ በቀኝ ናቸው። እስቲ ቁጠሩት፣ 8 እና 4 ተከታትለው በቀኝ፣ 5 እና 7 ተከታትለው በግራ ይተኩሳሉ። ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ እኩል አይሄድም፣ አንዱ ጎን ደርቦ ይመታል ሌላው ይጠብቃል። በሁለት ማርሚታ ሲወጣ ያ ዱብ ዱብዱብ ዱብ ሚለው እሱ ነው። ከበሮ ሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሰማያዊው70 ፦

ጋሼ ይሄን አሁን ለአጎቴ አነበብኩላቸው፣ "ይሄ ሰውዬ የማን ጋራዥ ነው የሰራው?" አሉ። ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ቢልኩልኝ ሊደውሉልዎት ይፈልጋሉ።

ቱርቦ_አትላንታ ፦

አሁን ሀሳቤን ብናገር እንዳትቆጡኝ። ስራውን አከብራለሁ፣ በር ማስተካከል ላይ 3 ወር ማለት እኔ የለኝም ትዕግስቱ። ግን እኔ ብሆን ውጪዋን እንዳለች ትቼ ውስጧን ዘመናዊ ነበር ማደርጋት። አዲስ 6.2 ሊትር ኤልኤስ3 ሚባል ሞተር በሳጥን ታሽጎ ከነዋስትናው ይሸጣል 430 ፈረስ ነው፣ ኢንጀክሽን፣ ባለ 6 ማርሽ፣ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ፍሬን፣ ኤሲ። ጠዋት ቁልፍ ታዞራለህ ትነሳለች፣ ከአትላንታ ዲሲ ድረስ ቤተሰብ ጭነህ ትሄዳለህ። በ1970ው ፍሬን ልጆቼን ጭኜ ሀይዌይ ላይ ስሄድ ሰላም አይሰማኝም። መኪና ለመነዳት ነው የተሰራው።

ሰማያዊው70 ፦

ምንም ሚያስቆጣ ነገር የለውም፣ እኔም አጎቴን ይሄንኑ ስለምናቸው ነበር 2 አመት ሙሉ። ፍሬኑን በተመለከተ ከፊት ዲስክ ነው፣ ኤስኤስ ሲታዘዝ አብሮ ይመጣ ነበር፣ ከኋላ ከበሮ ነው። ጎማውን ግን የድሮውን አይነት አልገጠምንም ራዲያል ነው፣ የድሮው መሪውን ወደ መንገዱ ስንጥቅ ይጎትተዋል። ቀለሙም እንደዛው፣ ፋብሪካው የቀባው ላከር ነበር፣ እኛ ዘመናዊውን ቀብተን ክሊር ደርበንበታል። ስለዚህ ንጹህ ኦሪጅናል ናት ብዬ አልመጻደቅም።

ሞተሩ ላይ ግን ጋሼ ያሉኝን ልንገርህ። "ይሄ ብሎክ ተነስቶ ሌላ ከገባ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ግን የሄደችው ማን እንደሆነች አላውቅም" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያች የአይጥ ግማሽ የበላት ወረቀት ላይ ያለው ሞተር ነው አሁንም ያለው፣ ያኔ የገጠመው ሰውዬ ቡሎኑን ያጠበቀበት ቦታ ነው ጋሼም ያጠበቁት። እኔ ለዛ ነው የወደድኳት።

ቱርቦ_አትላንታ ፦

ይሄን አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ። እሺ፣ ሞተሩ ከነቁጥሩ ካለ አይነካም፣ ተስማማሁ። ሞተሯ የጠፋባት ማሊቡ ካገኘሁ ግን የኔን አደርጋለሁ 😊

የባልቲሞር_ልጅ ፦

ወንድሜ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቪኑ ላይ ሰባተኛው ፊደል ምንድነው?

ሰማያዊው70 ፦

ቢ።

የባልቲሞር_ልጅ ፦

በለው!! ቢ ማለት ባልቲሞር ነው። ብሮኒንግ ሀይዌይ ላይ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ።

ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። እኔ ምሰራው አማዞን መጋዘን ነው ባልቲሞር፣ ያ መጋዘን የተሰራው ፋብሪካው የነበረበት መሬት ላይ ነው። ፋብሪካው በ1935 ተከፍቶ በ2005 ነው የተዘጋው፣ መጨረሻ ላይ አስትሮ ቫን ነበር ሚሰሩት። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አንድ አብሮኝ ሚሰራ ትልቅ ሰው ነው የነገረኝ፣ አባቱ እዛ መስመር ላይ በር ሲገጥም ነው የኖረው። እኔ ማታ ማታ ሳጥን ምገፋበት ቦታ ያንተ መኪና ተወልዳ ወጥታለች ማለት ነው። ሌሊት 8 ሰአት ላይ እያነበብኩት ጸጉሬ ቆመ።

ሰማያዊው70 ፦

ምን ልበልህ። ቢ ባልቲሞር መሆኑን አውቃለሁ፣ ቦታው ላይ አሁን አበሻ እንደሚሰራ ግን በህልሜም አላሰብኩም። ጋሼን ይዤ መምጣቴ አይቀርም። እሁድ ትሰራለህ?

ሻርጃ_ሹፌር ፦

ሰላም ከሻርጃ። እዚህም የአሜሪካ ቪ8 ሚወድ ብዙ ነው፣ አርብ ማታ ሚሰማው ድምጽ ሌላ ነው። ሻርጃ ውስጥ የክላሲክ መኪና ሙዚየም አለ፣ የእረፍት ቀኔ ሲሆን አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፣ አንዷ መኪና ፊት ቆሜ ሰአት ይሄዳል። የሰው መኪና ነው ምነዳው፣ አዲስ ናት ሁሉ ነገሯ በራሱ ነው፣ መልካም መኪና ናት አላማርርም፣ ግን ጋሼ 20 ደቂቃ ጋዙን በእጃቸው ይዘው የቆሙትን ሳነብ ቀናሁ። አንድ ጥያቄ፣ ኮፈኗ ላይ ከኋላ በኩል ሚከፈት ክዳን ያለ መሰለኝ ፎቶው ላይ፣ ምንድነው?

ሰማያዊው70 ፦

አይንህ ጥሩ ነው! ካውል ኢንዳክሽን ይሉታል። መኪና ሲሮጥ አየር ኮፈኑ ላይ ተንሸራትቶ ንፋስ መስታወቱ ስር ሲደርስ ይታፈናል፣ እዛ ጋ ግፊት አለ። ጋዙን እስከ ታች ስትረግጠው ያቺ ክዳን በቫኪዩም ትከፈትና ያን ቀዝቃዛ አየር ቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ ትስበዋለች። ሹፌሩ ወንበር ላይ ሆነህ ክዳኗ ብድግ ስትል ይታይሀል። ልጄ ትልቁ እሱን ለማየት ብቻ ነው ፊት ወንበር ሚቀመጠው። ይሄም ክፍል ጠፍቶ ነበር፣ ካርላይል ፔንስልቬንያ የአሮጌ ክፍል ገበያ ላይ ሁለት ቀን ስንዞር ቆይተን ከአንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ስር አገኘነው።

ፒያሳ_ነኝ ፦

ከአዲስ አበባ ነው። እንደው ለጠቅላላ እውቀት፣ እንዲህ አይነቷን አገር ቤት ማስገባት ይቻላል?

ማርሽ4 ፦

በኛ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ከዛ በፊትም አሮጌ መኪና ላይ ያለው ኤክሳይዝ ታክስ አያስጠጋም ነበር። ያሉት ግን አሉ፣ አባቶቻችን የያዟቸው ቮልስና ፔጆዎች። እነሱን ሰው ቆራርጦ ለብረት ሳይሸጣቸው ብታነሱ የጋሼ አይነት ስራ እዛው ይሰራል፣ ባትላሜራውም ቶርኖውም አለ።

ፒያሳ_ነኝ ፦

እውነትህን ነው። አያቴ ግቢ ውስጥ የቆመች ቮልስ አለች፣ ነገ ማግኔት ይዤ እሄዳለሁ።

የፓርኪንጉ_ልጅ ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም ሴት ነኝ ብዬ ሳይሆን ፍላጎቱ ስላልነበረኝ ነው፣ ይሄን ክር የላከልኝ ወንድሜ ነው። ግን አንድ ነገር ልጽፍ ፈለግኩ።

አባዬ ዲሲ መሀል ከተማ 22 አመት ፓርኪንግ ነው የሰራው። እንደመጣ ያገኘው ስራ እሱ ነበር፣ ማታ ማታ ይማራል ቀን የሰው መኪና ያቆማል። ልጅ ሆነን ሁሌ ሚያወራልን ስለ አንድ ሰማያዊ ሼቬል ነው። ባለቤቱ የሆነ ጠበቃ ነው፣ አርብ አርብ ብቻ ነው ይዟት ሚመጣው፣ ቁልፉንም ከአባዬ ሌላ ለማንም አይሰጥም ነበር። አባዬ ጥጉ ጋ ግድግዳው አጠገብ ያቆማትና ሌላ መኪና በሩን ከፍቶ እንዳይነካት ጎኗ ያለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል፣ አለቃው ለምን ቦታ ታባክናለህ ይለው ነበር። "ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው እግር ትፈልጋለች፣ ግን መሪዋን ስትይዢ የሆነ ነገር ነሽ" ይለኝ ነበር። እኔ ያኔ አይገባኝም።

አሁን 74 አመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል ብዙ አይወጣም። ፎቶዎችህን በስልክ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያት፣ ከዛ "ድምጿን አልቀዱትም?" አለኝ። ድምጿን ቀድተህ ብትልክልኝ ብዬ ነው።

ሰማያዊው70 ፦

እህቴ ድምጽ አልልክልሽም፣ መኪናዋን ነው ይዘን ምንመጣው። የት ነው ምትኖሩት?

የፓርኪንጉ_ልጅ ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ። የምርህን ነው?

ሰማያዊው70 ፦

ጋሼ አሁን ጎኔ ቆመው ነው ሚያነቡት፣ "ቅዳሜ ከሰአት እንመጣለን ቡና ይፈላ" ብለዋል።

የባልቲሞር_ልጅ ፦

እስከዛ የኔን ልጻፍ። እሁድ መጡ!!! የእረፍት ሰአቴን አስተካክዬ ወጣሁ፣ ከሩቅ ነው የሰማኋት፣ ሳላያት ነው ያወቅኳት። ብሮኒንግ ሀይዌይ ዳር አቆሟት። ያ አባቱ በር ሲገጥም የኖረው የነገርኳችሁ ሰውዬ አብሮኝ ወጥቶ ነበር፣ ምንም አልተናገረም፣ ሄዶ የሹፌሩን በር ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተ፣ ዘጋው። ከዛ ጎንበስ ብሎ ያችን ክፍተት በጣቱ ከላይ እስከታች ተከተላት። ጋሼን ዞር ብሎ አያቸውና እጃቸውን ጨበጠ። ጋሼ እንግሊዝኛም አማርኛም አልተናገሩም።

ጋራዥ_ካዛንቺስ ፦

አነበብኩት። ከአጎትህ ጋር ትናንት ሁለት ሰአት ተኩል በስልክ አወራን። ለካ አንድ ሰፈር ነው የሰራነው፣ በሁለት አመት ተላልፈን። ለቅዳሜው እኔም እመጣለሁ፣ የቫልቭ ክዳኗ ጋ ዘይት ታላባለች ብለውኛል፣ ጋስኬት ይዤ ነው ምመጣው።

የፓርኪንጉ_ልጅ ፦

ትናንት መጡ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም ግን ቃል ስለገባሁ እሞክራለሁ።

አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ሸሚዝ ቀይሮ በረንዳ ላይ ነው የተቀመጠው። መንገዱ ጫፍ ላይ ገና ስትታጠፍ ቆመ፣ ከዘራውን ሳይዝ። ሁለቱ ጋሼዎች ወርደው ተሳሳሙ፣ ቡና ተጠጣ፣ አንድ ሰአት ሙሉ ኮፈኑን ከፍተው ስለ ካርቡራተር አወሩ፣ አባዬ ዝም ብሎ ነበር ሚያየው። ከዛ ጋሼ ቁልፉን አውጥተው ለአባዬ ሰጡት። "ፓርኪንግ ቦታ አስተካክሉልኝ፣ እዚህ መንገድ ላይ ሰው ይገጫታል" አሉት።

እኔ ጉልበቱን አስቤ ልከለክል ነበር፣ ወንድሜ እጄን ያዘኝ። አባዬ ገባ፣ ወንበሩን ወደፊት ጎተተ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጦ ሞከረ። የቤታችን ጋራዥ ጠባብ ነው፣ እኔ በራሴ ትንሽ መኪና እንኳን ሁለት ሶስቴ ወጣ ገባ ብዬ ነው ምገባው፣ ካሜራም አለኝ። እሱ አንገቱን ዞር አድርጎ ክንዱን ወንበሩ ጀርባ ላይ አሳርፎ ያችን ረጅም መኪና ወደ ኋላ በአንድ ጊዜ አስገባት። ሳያቆም ሳያስተካክል። በግራም በቀኝም እኩል ቦታ ነው የቀረው፣ ወንድሜ በሜትር ለካው።

ወርዶ ቁልፉን ለጋሼ መለሰና "ጎኗ ያለውን ብስክሌት አንሱት" አለን።

ሰማያዊው70 ፦

አነሳነው።